የኮራሉ ገንዳና ያልሞላሁት ገጽ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ወረዳ ሄጄ ነበር። ወረፋው ከደረጃው ወርዶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ በሩ ጋ ደርሷል። ግማሽ ቀን ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል "ሥራ?" አለችኝ።

"ጡረተኛ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"የባሕር ውኃ አኳሪየም ባለሙያ።"

አሁን ቀና አለች። "ምን?"

አስረዳኋት። ሆቴልና ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውኃው እንደ ባሕር ጨው አለው፤ የባሕር ዓሣ ይኖርበታል፤ ያንን መሥራትና መንከባከብ ነው አልኳት። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማችኝና ጻፈች። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ "ዓሣ አስጋሪ" ይላል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ዓሣ አስግሬ አላውቅም። የእኔ ሥራ ዓሣ እንዳይሞት መጨነቅ ነበር። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት ከኋላዬ የቆሙ ሴትዮ "ወንድሜ፣ ዓሣም ሆነ በሬ ምን ለውጥ አለው፤ ይለፉልን እንጂ" አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰሚራ ወረቀቱን አይታ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ስትጨርስ "እንግዲያው አንተ በትክክል ጻፈው" አለችኝ። "ለእኔ ስታማርር የኖርከውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍረው። እኔም ልረፍ።"

እንድታርፍ ብዬ ጻፍኩት።

ያደግሁት አብነት ነው። አባቴ ከስልጤ መጥተው እዚያው ትንሽ ሱቅ ከፍተው ነበር። እኔ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆነልኝምና ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ መስታወት ቤት ገባሁ። የመስኮት መስታወት እቆርጣለሁ፣ የሥዕል ፍሬም እገጥማለሁ፣ የቡፌ በር እሠራለሁ። አንድ ቀን አንድ ድርጅት የዓሣ ገንዳ ይሠራልን ብሎ መጣ። ጋሽ ሸምሱ "መስታወት መስታወት ነው" ብለው ተቀበሉ። እኔ ሠራሁት። በተወሰደ በሁለተኛው ቀን ምንጣፋቸው ላይ ተዘረገፈ። ጥፋቱ የማጣበቂያው ነበር፤ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ውኃ ሞሉበት። ሰባት ቀን ጠብቁ ብዬ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ጠበቁ። እንግዲህ ከሰው ጋር ያለኝ ጭቅጭቅ በዚያ ተጀምሮ እስከ ጡረታዬ አልቆመም።

ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ሹራብ የደረቡ ቀጭን ሴት ወደ ሱቃችን መጡ። ልኩን በሚሊ ሜትር የጻፉበት ወረቀት ይዘዋል። ገንዳ ነው። ስሠራ ቁጭ ብለው አዩኝ። ሲሊኮኑን በጣቴ ላስተካክል ስል እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ለምን ትቸኩላለህ?"

"ቶሎ ይደርቃል እትዬ።"

"አንተ ዛሬ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ውኃው ግን እዚህ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያንተን ቀዳዳ ይፈልጋል። ድገመው።"

ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ ተናደው "ሴትዮ፣ ገንዳ ነው የሚያሠሩት ወይስ አውሮፕላን?" አሏቸው። እሳቸውም "አውሮፕላንማ ቢያፈስም ይበራል" ብለው መለሱ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጋሽ ሸምሱ ግን ወደ መቁረጫቸው ተመለሱ።

እትዬ ስንዱ ይባላሉ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ስለ ዓሣ በሚያጠና አንድ ቤት ጠርሙስ በማጠብ ጀምረው በኋላ ውኃ እስከ መመርመር ደርሰዋል። እዚያ ሳሉ የዋና መነጽር አድርገው ባሕሩ ውስጥ ኮራል ያዩ ነበር። ኮራል ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል፤ ግን እንስሳ ነው። ሺህ ትናንሽ አፍ ያለው፣ ካለበት የማይነቃነቅ እንስሳ። አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሰው ቤትና የሆቴል ገንዳ ይንከባከባሉ። ሁለተኛ ሰው ሲያስፈልጋቸው እኔን ወሰዱኝ። ክፍያው ከመስታወት ቤቱ ያነሰ ነበር። ሄድኩ።

የሳቸው ነገር እንዲህ ነው። ገንዳ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ወንበር ይጠይቃሉ። ይቀመጡና ሁለት እጃቸውን ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። እኔንም "እጅህን ኪስህ ክተት" ይሉኛል። ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅ ጊዜ ውስጥ ማንም ምንም አይነካም። የትኛው ዓሣ ጥግ ይዟል፣ የትኛው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ውኃው የት ጋ አይንቀሳቀስም፣ ይህን ብቻ ማየት ነው። የሆቴሉ ሰዎች "እነዚህ ሰዎች መቼ ነው ሥራ የሚጀምሩት?" እያሉ ሲያንሾካሹኩ እንሰማለን። ከዚያ ተነሥተው ባልዲውን ያሸታሉ። ባልዲዎቻችን ላይ በቀይ ቀለም "ለባሕር ብቻ" ብለው ጽፈዋል፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በአንዱ ወለል ስላጠበችበት ያንን ባልዲ ለጽዳት ክፍሉ ሰጥተው ሌላ ገዙ። ለያንዳንዱ ገንዳ አንድ ደብተር አለ። የጨው ልክ፣ ሙቀት፣ ምን እንደተጨመረ፣ ምን እንደሞተ፣ ሁሉ ይጻፋል። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ "ምን ጨመርክበት?" ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም። ገንዳ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ አለበት ብለው ያምናሉ።

እሳቸው ጉልበታቸው ሲደክም ደብተሮቹን ለእኔ አስረከቡኝና ብቻዬን መዞር ጀመርኩ። የዞርኩበትን ሁሉ ብዘረዝር ሰሚራ ትፈርድብኛለች። አንድ ባንክ ነበር፤ ጥበቃው ከምሳው ዳቦ እየቆረሰ ይጥልላቸው ነበር፤ "እኔ ስበላ ያዩኛላ" ይላል። አንድ ክሊኒክ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ መስታወቱ ላይ የመስኮት ማጽጃ ትረጭ ነበር። አንድ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ብርቱካናማውን የባሕር ዓሣ አይቶ ከመርካቶ ጨው የማይችል ወርቃማ የወንዝ ዓሣ ገዝቶ ጨመረበት። ለምን ስለው "ቀለማቸው አንድ ነው፤ ዘመድ መስሎኝ" አለ። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ አዳራሹንና ሊፍቱን ያበራል፣ የገንዳው ፓምፕ ግን "አስፈላጊ ስላልሆነ" መስመሩ ውስጥ አይገባም። በየሄድኩበት ደግሞ ያቺ ጥያቄ አለች፦ "ይበላል?" ሚኒስትርም ጠይቆኛል፣ ሙሽራም ጠይቃኛለች።

ሜክሲኮ አካባቢ ካለ አንድ ሆቴል ጋር ስጀምር ገንዳውን ራሴ ነበር የሠራሁት። ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ከእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ለባሕር ዓሣ ብቻ የተሰናዳ ነበር። ባለቤቱ አቶ መኩሪያ መጥፎ ሰው አይደሉም። ችግራቸው መጠበቅ አለመቻላቸው ነው። በሦስተኛው ዓመት አዲስ ዓሦች አስመጡ። አዲስ ዓሣ በሌላ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ወር መቆየት አለበት፤ በሽታ እንዳለበት የሚታወቀው ያኔ ነው። እሳቸው ግን በማግስቱ እንግዳ ነበራቸው። "ዛሬ አስገባቸው" አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አስገባኋቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ገላ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ለዚህ በሽታ መዳብ ያለበት መድኃኒት አለ። ዓሣን ያድናል፤ ግን ለኮራል፣ ለቀንድ አውጣ፣ አጥንት ለሌለው የባሕር ፍጥረት ሁሉ መርዝ ነው። የታመመውን ዓሣ አውጥቶ ለብቻው ማከም እንጂ ዋናው ገንዳ ላይ አይጨመርም። እትዬ ስንዱ ይህን መቶ ጊዜ ነግረውኛል። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓሣ የማወጣበት ሌላ ገንዳ አልነበረኝም፤ ደግሞም አፈርኩ። ዋናው ገንዳ ላይ ጨመርኩት፤ አልበቃ ሲል ደገምኩት። ዓሦቹ ዳኑ። ለእትዬ ስንዱ አልነገርኳቸውም። ደብተሩ ላይም አልጻፍኩም፤ ሁለት ገጽ ባዶ ትቼ አለፍኩ። በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። አቶ መኩሪያ ከዱባይ ሲመለሱ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስገቡ አስጠሩኝ።

"ነስሩ፣ እዚያ ሆቴል ውስጥ ያየሁትን ብታይ! ዓሣውን ተወው፤ ድንጋዩ ራሱ አበባ አውጥቷል!"

"ኮራል ነው ጋሼ።"

"እሱን አድርግልኝ። የልጄ ሰርግ ሦስት ወር ቀርቶታል።"

"ሦስት ወር አይበቃም። መብራቱ ይለወጣል፣ የውኃው ሞገድ ይለወጣል፣ ኮራል የሚበሉት ዓሦች ይወጣሉ፣ ከዚያ ውኃው እስኪረጋ ወራት ይፈልጋል።"

"ይህን ሕንፃ ሳሠራም እንዲሁ ብለውኝ ነበር።"

"ሕንፃ አይሞትም ጋሼ።"

"አንተ ደግሞ!" አሉና ወደ ሊፍቱ ሄዱ። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

የዚያን ቀን ወደ እትዬ ስንዱ ሄድኩ። ሁለታችንም ልደታ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ነበር፤ እሳቸው ከእኛ ሁለት ብሎክ ወዲያ፣ ምድር ቤት ይኖሩ ነበር። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የሆቴሉን ገንዳ ወደ ኮራል ልንለውጠው ነው ስላቸው እጃቸው ቆመ።

"ሕያው ኮራል?"

"ሕያው።"

"ከምጽዋ ከወጣሁ አርባ ዓመት አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ሕያው ኮራል አላየሁም" አሉ። "ፎቶ ያሳዩኛል። ፎቶ ምን ያደርጋል፤ አይንቀሳቀስም።" ምስሩን ገፋ አድርገው እንደ ልማዳቸው ጥያቄ ጀመሩ። "ድንጋዩ ያው የቆየው ነው?"

"ያው ነው።"

"ገንዳው መድኃኒት ገብቶበት ያውቃል?"

ይህችን ሰዓት ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ። አዎ ብል ምን ይመጣ ነበር? ይቆጡኛል፣ ድንጋዩንና አሸዋውን እጥላለሁ፣ አቶ መኩሪያ ይጮሃሉ፤ በቃ። ግን በልቤ አራት ዓመት ሙሉ ውኃው ስንት ጊዜ ተቀይሯል፣ እስካሁን ምን ይቀራል አልኩ።

"አያውቅም" አልኩ።

"ጥሩ" አሉና ምስራቸውን ቀጠሉ።

ሥራው ተጀመረ። ኮራል የሚነክሰውን ትልቁን ዓሣ ማውጣት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ። ሠራተኞቹ ሻለቃ የሚሉት፣ ጥርስ ያለው ቁጡ ዓሣ ነው። መረቡን ቀደደው፣ አውራ ጣቴን ነከሰኝ፣ በመጨረሻ አንድ የጥርስ ሐኪም ለክሊኒኩ ወሰደው። ከዚያ አዲስ መብራት ሰቀልኩ፣ በተራ ከግራና ከቀኝ የሚገፉ ፓምፖች አስገባሁ፣ ኮራል አካሉን የሚሠራበትን የካልሲየም ልክ በየቀኑ መመርመር ጀመርኩ። በየመሐሉ አቶ መኩሪያ እየመጡ "የታለ አበባው?" ይሉኛል።

ኮራሉ ውኃ በሞላ ከረጢት ከውጭ መጣ። የማስገቢያ ፈቃዱ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው የሚመዘገብበት ቅጽ ግን ሌላ ነገር ነበር። የአንዱ ቢሮ ሰውዬ ከረጢቱን ብርሃን ላይ አንሥቶ አየና "እዚህ ቅጽ ላይ እንስሳ የሚል አለ፣ ማዕድን የሚል አለ። የትኛው ነው?" አለኝ።

"እንስሳ።"

"ዓይኑ የታለ?"

"ዓይን የለውም።"

"እግሩስ?"

"ወንድሜ፣ ውኃው እየቀዘቀዘ ነው፤ ይሞትብኛል።"

"ድንጋይ ነው እንዴ የሚሞተው?" ብሎ ወደ አለቃው ሄደ። አለቃው ምሳ ወጥቷል። ከረጢቶቹን ካፖርቴ ሥር ታቅፌ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ከቆምኩ በኋላ "ልዩ ልዩ" ተብሎ ወጣልኝ።

ያንን ሁሉ አልፈው ገንዳው ውስጥ ሲገቡ፣ ወላሂ፣ ደስ አለኝ። አንዱ እንጉዳይ ይመስላል፣ አንዱ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ አንዱ አረንጓዴ ሣር ንፋስ እንደሚያወዛውዘው ይወዛወዛል። በሁለተኛው ቀን ተከፈቱ። የሆቴሉ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። አቶ መኩሪያ ጀርባዬን መቱኝ። እኔም ለእትዬ ስንዱ ደውዬ "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ፤ ታክሲ ይዤ በር ላይ እጠብቃለሁ" አልኳቸው። ሹራባቸውን እንዳጠቡ ነገሩኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከኮራሉ ጋር ያስገባኋቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች በጀርባቸው ተገልብጠው አገኘኋቸው። በአምስተኛው ቀን ጣት የሚመስለው ኮራል ተኮማትሮ አልዘረጋም። መብራቱ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ቀነስኩ። ሞገዱ ይሆናል ብዬ ፓምፑን አዞርኩ። ጨው መዘንኩ፣ ሙቀት ለካሁ፣ ካልሲየም መረመርኩ፤ ሁሉም ልክ ነው። መዳብ ግን አልመረመርኩም። መመርመሪያው ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ከፍቼ አይቼው ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ሰው እያወቀ ላለማወቅ እንዲህ ይደክማል።

ቅዳሜ እንጉዳይ መሳዩ እንደ ንፍጥ ቀለጠ። እትዬ ስንዱን አይምጡ ልላቸው ስልኩን አንሥቼ ነበር። ምን ብዬ?

እሑድ መጡ። ገንዳው ጋ ሳንደርስ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ፤ ሽታው ደርሷቸዋል። ወንበር አመጣሁላቸው። ተቀመጡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ አዩ። ከሌላው ጊዜ ረዘመብኝ።

"ምን ጨመርክበት?"

"ምንም።"

"ደብተሩን አምጣ።"

መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እንግዶች ሻንጣ እየጎተቱ ያልፋሉ። ብዙ ቆይቶ ጣታቸው ቆመ።

"እዚህ ጋ ሁለት ገጽ ባዶ ነው።"

"አዎ።"

"አንተ ወረቀት አታባክንም። ዳር ዳሩ ላይ ሳይቀር ትጽፋለህ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ምንድን ነው?"

"መዳብ" አልኩ። "በሦስተኛው ዓመት። ሁለት ጊዜ።"

"ስጠይቅህ ምን አልከኝ?"

"አያውቅም አልኩ።"

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። "ድንጋዩ ጠጥቶ አስቀምጦት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አሁን እየመለሰው ነው። እስክሪብቶ አለህ?"

"አለኝ።"

"ጻፈው። ቀኑን የዛሬውን አድርግ። ዘግይቼ ጻፍኩት በል።"

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። ስጨርስ አነበቡት፣ ደብተሩን ዘጉት፣ ወደ ገንዳው ዞሩ። አንድ ጥግ ላይ ገና ያልሞተ አረንጓዴ ቁራጭ ነበር፤ ግማሹ ነጥቷል።

"አርባ ዓመት ጠብቄ ሲሞቱ ደረስኩ" አሉ።

በታክሲ መለስኳቸው። ቤታቸው በር ላይ ስደግፋቸው ክንዳቸውን ከእጄ አወጡ።

በማግስቱ ለአቶ መኩሪያ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ መዳቡንም፣ ደብተሩንም። የሚሉትን ሁሉ አሉኝ፤ ልክ ነበሩ። ሰርጉ ገንዳው ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ላዩ ላይ የአበባ ቅርጫት ተደርድሮበት አለፈ። ከሰርጉ በኋላ ጠሩኝና "ሌላ ሰው ባገኝ ዛሬውኑ አባርርህ ነበር" አሉኝ። "ጠየቅሁ፤ ዓሣ ጠባሽ ነው የሚያመጡልኝ። እንግዲህ ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ አስተካክለው።"

ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅሁም። እትዬ ስንዱ ጋ ለመሄድ ድፍረት አጣሁ። በብሎካቸው በኩል ላለማለፍ ግቢውን ዞሬ እወጣ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰሚራ "እትዬ ስንዱ በር ላይ ናቸው" አለችኝ። በዚያ ጉልበታቸው አራት ፎቅ ወጥተዋል። ግድግዳውን ተደግፈው እያለከለኩ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ድንጋዩን ጣለው። አሸዋውን ጣለው። ቱቦዎቹንም።"

"እሺ።"

"ሲሊኮኑን ቆርጠህ አውጣው። መስታወቱን አጥበህ እንደ አዲስ ግጠመው። እሱን እንኳ ታውቃለህ።"

"እሺ እትዬ።"

"እና እሺ እሺ አትበለኝ። ውኃ ስጠኝ።"

ሰሚራ ውኃ አመጣች። ጠጥተው ሲጨርሱ "ሁለተኛ አልዋሽም በል" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። የመብራቱን ከፍታ ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ሦስት ወር ነው። ገንዳውን ፈታሁ፣ ምላጭ ይዤ ሲሊኮኑን እየፋቅሁ ስንት ቀን ተቀመጥኩ፣ እንደገና ገጠምኩ፣ ሰባቱን ቀን ጠበቅሁ። አዲስ ድንጋይ፣ አዲስ አሸዋ፣ የተጣራ ውኃ። በየሳምንቱ መዳብ እመረምራለሁ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያልኩ እጽፋለሁ። ገንዳው በሦስተኛው ወር ቡናማ ዝቃጭ ለበሰ፤ አዲስ ገንዳ ሁሉ ይለብሳል፤ ታግሠው ካልነኩት በራሱ ይሄዳል። ይህን ለማን ላስረዳ? እንግዳ "ቆሻሻ ነው" ብሎ ቅሬታ ይጽፋል። እንግዳ ተቀባዮቹ አሳፈርከን ይሉኛል። አቶ መኩሪያ በየጠዋቱ ቆመው ያዩና "ነስሩ፣ ይኼ እኮ ረግረግ ነው" ይላሉ። አንድ ቀን የጽዳት ኃላፊው ለመፋቅ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ ደረስኩበትና ተጣላን፤ ጥበቃ ገላገለን። ለካ እስከዚያ ድረስ ሥራ ቦታ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም።

ዝቃጩ ሄደ። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ አስገባሁ፤ አንድ ወር ኖሩ። ከዚያ አንድ ኮራል ብቻ። ከዚያ ሁለት። ለእትዬ ስንዱ ደብተሩን በየአሥራ አምስት ቀኑ እወስድላቸዋለሁ፤ ያነባሉ፣ ገጾቹን ይቆጥራሉ፣ ይመልሱልኛል። ይምጡና ይዩት ስላቸው "ገና ነው" ይሉኛል። ፈርተው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስለ ጡረታዬ ቀን ልጽፍ አስቤ ነበር። ኬክ ተቆረጠ፣ አቶ መኩሪያ ንግግር አደረጉ፣ ስሜን አሳስተው የታተመ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ይኸው ነው። ይልቅ እትዬ ስንዱ የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው ነው ያረፉት።

የሥራ ቀን ነበር፤ ራሳቸው ናቸው "ዛሬ ውሰደኝ" ብለው የደወሉት። ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወንበር አመጣሁ፤ ለእኔም አንድ። ተቀመጡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ የተናገሩት ነገር "እነዚህን ሁለቱን ማነው ያቀራረባቸው? ሲያድጉ ይጣላሉ" የሚል ነበር። አርቃቸዋለሁ አልኩ። እኔም ተቀምጬ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ በራሱ እየደበዘዘ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፤ ያኔ ነው ኮራሎቹ ቀን ደብቀው የዋሉትን የሚዘረጉት። ፀጉር የሚያካክል ቀጭን ጣት ከያንዳንዱ ቀዳዳ ይወጣል፤ ድንጋይ የመሰለው ነገር ሁሉ መላወስ ይጀምራል። እንግዶች ያን ሰዓት ወደየክፍላቸው ስለሚሄዱ አያዩትም።

እትዬ ስንዱ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ።

"እንዲህ ነበር?" አልኳቸው።

"አልነበረም" አሉ። "ያኛው መጨረሻ አልነበረውም። ይኼ ግድግዳ አለው።" ትንፋሻቸው መስታወቱን አደበዘዘው፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት። "ግን ይበላል። ተመልከት፣ እየበላ ነው።"

በዚህ መሐል የአዳራሹ ኃላፊ፣ ሬዲዮ በእጇ የያዘች ጎልማሳ ሴት፣ መጥታ ከኋላችን ቆመች። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ሁለቱ ወንበሮች ለስብሰባ ይፈለጋሉ።"

ሠላሳ ዓመት የሰማሁት "ቶሎ በል" ሁሉ ተሰብስቦ መጣብኝ። ተነሥቼ አፌን ስከፍት እትዬ ስንዱ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙኝ።

"ነይ ልጄ" አሏት። "እዚህ ጋ ጎንበስ በይ። ይኼን አየሽው?"

ሴትዮዋ እየተቻኮለች ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና አላለችም።

"በዚህ በኩል በቀን ስንት ጊዜ አልፋለሁ" አለች ቆይታ። "ሲንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም።"

ሬዲዮዋ ተንኮሻኮሸ። "ወንበሮቹ የት ደረሱ?" አለ አንድ ድምፅ። "ስብሰባው ሊጀመር ነው፤ ወንበሮቹ የት ደረሱ?"

ዓይኗን ከገንዳው ሳትነቅል፣ በአውራ ጣቷ ድምፁን ቀነሰችው።